መኪናችን ዘይት ስትበላ፤ ከሁለት ጊዜ ኪሳራ የተማርነው

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በተሽከርካሪና ንብረት ንዑስ ኮሚቴ የተደረገ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድመን በዚህ ዓመት ከመካከላችን በሞት የተለዩንን ወገኖች ነፍስ ይማርልን፣ ቤተሰቦቻቸውንም ያጽናናልን እንላለን።

ዛሬ እንድንናገርበት የታዘዝነው ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሳይሆን አይቀርም። «ስለ ሞተር ዘይት ነው የሚነግሩን? እኛ እድር ነን እንጂ ጋራዥ ነን ወይ?» የሚል ሰው እንደማይጠፋ እናውቃለን። እውነት ነው፣ ጋራዥ አይደለንም። ነገር ግን ባለፉት ዓመታት ከድንኳኑም፣ ከወንበሩም፣ ከብረት ድስቱም ይልቅ የእድራችንን ገንዘብ የበላው የመኪናችን ሞተር ነው። ገንዘቡ ደግሞ የመበለቶችና የወላጅ አልባ ሕፃናት ገንዘብ ነው። ስለዚህ የት እንደገባ የመናገር ግዴታ አለብን። ጥፋቱ የኛ የኮሚቴዎቹ ስለሆነ ደግሞ ሳንደብቅ እንናገራለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ?

ጎንደር ከተማና በዙሪያዋ ያለው ደጋ አገር በናፍጣ መኪና ላይ የተንጠለጠለ አገር መሆኑን ታውቃላችሁ። ወደ ዳባትና ደባርቅ፣ ወደ ጃናሞራ፣ በሊማሊሞ ቁልቁል ወደ ዛሪማና አዲ አርቃይ ሰውና ዕቃ የሚያመላልሰው፣ በሽተኛ ወደ ሐኪም ቤት፣ አስከሬን ወደ ትውልድ ደብሩ የሚያደርሰው በአራቱም እግሩ የሚጎትተው መኪና ነው። ከነዚህም ውስጥ በብዛት የምናየው ቶዮታ ላንድክሩዘር ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከወሰነ ወዲህ ደግሞ በእጃችን ያለውን አሮጌ መኪና ጠብቆ ማቆየት ከምን ጊዜውም በላይ አስፈላጊ ሆኗል። ይህችን ብናበላሽ ሌላ በቀላሉ አናገኝም ማለት ነው።

ነገሩ እንዴት እንደ ጀመረ

መኪናችንን በ2010 ዓ.ም. ከጨረታ እንደገዛናት አብዛኞቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ሞተሯ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ነው። መካኒኮች «ዋን ኤች ዜድ» የሚሉት፣ ቶዮታ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠራው ሞተር መሆኑ ነው። ጠንካራ ነው፣ ውስብስብ ኤሌክትሮኒክስ የለበትም፣ መለዋወጫውም ይገኛል። ስንገዛት ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር።

ዓመት ሳይሞላ ሹፌራችን «ዘይት ትጠይቃለች» ይል ጀመር። እኛ ምን አልን? «አሮጌ መኪና ዘይት መጠጣቱ ያለ ነው፤ ጨምርበት» አልን። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ከኋላ ተቀመጠለት፤ ሲጎድል ይጨምራል። ስንት እንደ ጨመረ፣ በስንት ኪሎ ሜትር እንደ ጨመረ የጻፈ ሰው የለም። ደባርቅ ደርሳ ስትመለስ አንድ ሊትር ያህል እንደምትፈልግ ሹፌሩ በቃል ነግሮን ነበር። ጎንደርና ደባርቅ በመኪና መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደርሶ መልስ 200 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ያን ጊዜ ወረቀትና እርሳስ ይዘን ብናሰላው ኖሮ በ1,000 ኪሎ ሜትር 5 ሊትር ዘይት እየጠፋ መሆኑን እናውቅ ነበር። አላሰላንም።

በ2011 ዓ.ም. በበጋ፣ ከአባሎቻችን አንዱ አረፉ። የትውልድ አገራቸው ጃናሞራ ነበርና «ከአባቶቼ ጎን ቅበሩኝ» ብለው ስለ ተናዘዙ አስከሬናቸውን ይዘን ወደ መካነ ብርሃን ተነሣን። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ከደባርቅ በኋላ ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይገባና በሳንቃ በር፣ በጨነቅ አልፎ የቧሂትን ማለፊያ ይወጣል። ማለፊያው ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። መኪናችን ሣጥኑንና ስምንት ሰው ጭና ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ስትወጣ ከኋላዋ የሚወጣው ጭስ መንገዱን ሸፈነው። ከማለፊያው በታች የዘይቱ ቀይ መብራት በራ። ሹፌራችን ወዲያው አጠፋት፤ ይህን በማድረጉ እስከ ዛሬ እናመሰግነዋለን። የዘይት መለኪያውን ብንስበው ደረቅ ነው። ጀሪካኑን ብናነሣው ባዶ ነው፤ ባለፈው ጉዞ አልቆ ኖሮ የተካው ሰው አልነበረም።

እንግዲህ አስቡት። ሣጥኑ መኪናው ላይ ነው፣ ነፋሱ አጥንት ይሰብራል፣ በደብሩ ካህናቱና ዘመዱ ከጠዋት ጀምሮ ቆመው ይጠብቃሉ። ከሦስት ሰዓት በላይ ከቆየን በኋላ አንድ የጭነት አይሱዙ ደረሰልን። ሣጥኑን ተሸክመን ወደሱ አዛወርነው። ቀብሩ የተፈጸመው ፀሐይ ስትጠልቅ፣ በጥድፊያ ነው። የሟች ባለቤት አንድም ቃል አልወቀሱንም። ሲመለሱ ግን «ለናንተ በየወሩ ስከፍል የኖርኩት ለዚች ቀን ነበር» አሉ። ይህ ንግግር ከወቀሳ ይከብዳል። ከዚያ ቀን በኋላ ነው ስለ ዘይት ለማወቅ የተነሣነው። ግን መጀመሪያ ሌላ ጥፋት ሠራን።

የመጀመሪያው ጥገና

መኪናዋ ተጎትታ ወደ ከተማ መጣች። የወሰድናት ጋራዥ ጭሱን ብቻ አይቶ «ፋሻ በልቷል፤ ሞተር ይውረድ» አለ። እኛም ሌላ ሳንጠይቅ እሺ አልን። ሞተሩ ወረደ፤ ፋሻው፣ የቫልቮላ ላስቲኩ፣ ኩሽኔታው፣ ጓርኒሲዮኑ በሙሉ ተቀየረ። ከመጠባበቂያችን ከግማሽ በላይ ወጣ። መኪናዋ እንደ አዲስ ሆነች፤ ጭስ የለ፣ የዘይት ጉድለት የለ። አጨበጨብን።

በ2012 ዓ.ም. ጭሱ ተመለሰ። ገና ዓመት አልሞላትም። ያን ጊዜ ነው ከኮሚቴው አንዳንዶቻችን «ትሸጥ»፣ ሌሎቻችን «ጋራዡ ይከሰስ» እያልን የተጣላነው። በዚህ መካከል ከአባሎቻችን አንዱ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ በናፍጣ ሞተር ላይ የሠሩ፣ ሁላችን ጋሼ የምንላቸው ሰው «ሸጣችሁም ከሳችሁም ሳትጨርሱ እስቲ አንድ ቀን ስጡኝ» አሉን። ምን እንዳገኙ ኋላ እንነግራችኋለን። አስቀድመን ግን ያስተማሩንን እንናገር፤ ነገሩ የሚገባው በዚያ መንገድ ነውና።

ዘይት ወዴት ይሄዳል?

ጋሼ መጀመሪያ የነገሩን ይህ ነው። ዘይት እንዲሁ አይሰወርም። ከጎደለ የሄደበት ቦታ አለ። ወይ ወደ ውጭ ፈሷል፣ ወይ ከናፍጣው ጋር ተቃጥሏል፣ ወይ ወደ ራዲያተሩ ውኃ ገብቷል። ከነዚህ የትኛው እንደ ሆነ ሳያውቁ ሞተር ማውረድ፣ ሆድ የታመመን ሰው ሳይጠይቁ ደረቱን እንደ መቅደድ ነው።

ጥቂት ዘይት መጉደሉ ግን በሽታ አይደለም። በእያንዳንዱ ፒስተን ላይ ሦስት ፋሻዎች አሉ። የላይኞቹ ሁለቱ የሚቃጠለውን አየር ወደ ታች እንዳይወርድ ይይዛሉ፤ የታችኛው ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ትርፉን ዘይት እየጠረገ ይመልሳል። ቀጭን ሽፋን ግን ሁልጊዜ ይቀራል፤ ባይቀር ብረት ከብረት ይነካከሳል። ይህ ሽፋን በጥቂት በጥቂቱ ይቃጠላል። ቶዮታ ለባለ መኪናው በሚሰጠው መጽሐፍ ላይ የሚፈቅደው ከፍተኛ መጠን በ1,000 ኪሎ ሜትር 1 ሊትር ነው። ከዚህ በታች የሆነ ሰው በከንቱ አይጨነቅ። የኛ መኪና የዚህን አምስት እጥፍ ነበር የምትበላው።

በነገራችን ላይ እነዚህ ፋሻ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ የምንላቸው ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ጣልያን ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ በጎንደር ሰፍሮ፣ ኅዳር 1934 ዓ.ም. እጁን እስኪሰጥ ድረስ መንገዱንም መካኒክነቱንም ለራሱ ጥቅም አስገብቶት ነበር። የሊማሊሞን ጠመዝማዛም የቀደደው እሱ ነው። ሰውየው ሄደ፤ ቃሉ ከመፍቻው ጋር ቀረ።

የኛ ደጋ ለሞተር ምን ያደርጋል?

«በቆላም በደጋም ሞተር ሞተር ነው» የሚል ሰው ይኖራል። አይደለም። ጎንደር ራሷ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ደባርቅ ከ2,800 ሜትር፣ ሳንቃ በር ከ3,200 ሜትር በላይ ናቸው። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ሳንቃ በር ላይ ሞተሩ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው አየር በባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው ከሦስት እጅ ሁለት እጅ ገደማ ነው። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር አየሩ ሲቀንስበት የናፍጣው ፖምፓ ግን ለቆላ እንደ ተስተካከለ ሆኖ ያንኑ ናፍጣ ከሰጠው፣ ትርፉ ናፍጣ ሳይቃጠል ጥቀርሻ ይሆናል። ያ ዳገት ላይ የምናየው ጥቁር ጭስ ይህ ነው። ጥቀርሻው ወደ ዘይቱ ይወርዳል፣ ዘይቱን ያወፍረዋል፣ በፋሻዎቹ ማረፊያ ውስጥ ይጋገርና ፋሻው እንዳይንቀሳቀስ ያደርገዋል። የተጣበቀ ፋሻ ዘይት አይጠርግም። ስለዚህ ጥቁሩ ጭስ ዛሬ ናፍጣ ነው፤ ነገ ግን የዘይት በሽታ ይሆናል። ፖምፓውን በሚያውቅ ባለሙያ ለከፍታችን ማስተካከል ይቻላል። አንዳንዱ ፖምፓም ይህን ራሱ የሚያስተካክል መሣሪያ አለው።

ሁለተኛው ጠላት አቧራ ነው። በበጋ በጠጠር መንገድ ከሌላ መኪና ኋላ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። አቧራ ማለት የተፈጨ ድንጋይ ነው። ከዘይት ጋር ሲገናኝ እንደ ሞረድ ሆኖ ፋሻውንና ሲሊንደሩን ይፍቃል። እናቶቻችን መጅ ከወፍጮው ጋር ሲሻሽ ሁለቱም እንደሚበሉ ያውቃሉ፤ ልክ እንደዚያ ነው።

ሦስተኛው፣ ደጋና ቆላ መፈራረቁ ነው። ጠዋት ደባርቅ ውርጭ፣ ከቀትር በኋላ ዛሪማ ወይም መተማ ሙቀት። በብርድ እንዲፈስ፣ በሙቀትም ከመጠን በላይ እንዳይቀጥን፣ ለናፍጣ ሞተር የተሠራ እንደ 15ደብልዩ-40 ያለ ዘይት ያስፈልጋል። ዋጋው ስለ ረከሰ ብቻ የተገዛ፣ በአሮጌ ቆርቆሮ ተሞልቶ የሚሸጥ ዘይት ግን ምን እንዳለበት አይታወቅም። ባዶ ጣሳችሁን ሳትበሱ አትጣሉ፤ እንደገና ሞልቶ የሚሸጥበት ይኖራል።

ሞተር ሳይወርድ እንዴት ይታወቃል?

ጋሼ ያሳዩንን በተራ እንናገር። አብዛኛው ገንዘብ አይጠይቅም።

አንደኛ፣ በትክክል መለካት። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፣ ሞተሩ ይጥፋ፣ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ ይጠበቅ፤ ከዚያ መለኪያው ተስቦ፣ ተጠርጎ፣ ተመልሶ ገብቶ ይነበብ። ተዳፋት ላይ ቆሞ ያነበበ ሰው ራሱን ያታልላል። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ከሆነ ይበቃዋል። ከላይኛው ምልክት ማሳለፍ ጉዳት ነው። ትርፍ ዘይት በመዞሪያው እየተመታ አረፋ ይሆንና በመተንፈሻው ቱቦ ወደ አየር መግቢያው ይሄዳል፤ እዚያም ይቃጠላል። የኛ ሹፌር «እንዳይጎድልብኝ» እያለ ከምልክቱ በላይ ይሞላ ስለ ነበር የበላው ዘይት አንዱ ክፍል በዚህ የጠፋ ነው። ለደኅንነት ብሎ ያደረገው ነገር ጎዳው።

ሁለተኛ፣ ወደ ውጭ መፍሰሱን ማየት። ማታ ከሞተሩ በታች ንጹሕ ካርቶን ማንጠፍና ጠዋት ማየት ነው። ጠብታው በየት በኩል እንደ ወደቀ ያሳያል፤ ከቴስታታው ክዳን ጓርኒሲዮን፣ ከፊትና ከኋላ ፓራኦሊዮ፣ ከፊልትሮው ሥር፣ ከማውረጃው ብሎን ሊሆን ይችላል። መኪናው ቆሞ የማያፈስ፣ ሲሄድ ግን የሚረጭም አለ። ስለዚህ ሞተሩን አጥቦ ጥቂት ነድቶ እንደገና ማየት ይገባል።

ሦስተኛ፣ የዲናሞው ጉዳይ። በብዙዎቹ አሮጌ የናፍጣ ቶዮታዎች ላይ ለፍሬን የሚያገለግለው የቫኪዩም ፖምፓ ከዲናሞው ጋር የተያያዘና በሞተሩ ዘይት የሚለሰልስ ነው። ማኅተሙ ሲያልቅ ዘይቱ ወደ ዲናሞው ወይም ወደ ውጭ ይወጣል። ዲናሞው በዘይት ረጥቦ ከተገኘ ሞተር ማውረድ ምን ያደርጋል?

አራተኛ፣ ጭሱን ማንበብ። ጥቁር ጭስ የናፍጣ ብዛት ወይም የአየር ማነስ ነው። ነጭ ጭስ በደባርቅ ብርድ ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ ቢታይ አያስደነግጥም፤ ሞተሩ ሞቆም ካልተወ ግን ውኃ ወይም ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው። ሰማያዊው ጠዋት ሲነሣ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ የቫልቮላውን ላስቲክ ጠርጥሩ። ዳገት ላይ ተጭኖ ሲወጣ የሚበዛ ከሆነ ፋሻውን ጠርጥሩ።

አምስተኛ፣ የሞተሩን ትንፋሽ ማየት። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ሲሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍቶ መመልከት ነው። ለስለስ ያለ ትንፋሽ የተለመደ ነው። እንደ ባቡር ቱፍ ቱፍ እያለ ጭስ የሚገፋ ከሆነ በፋሻው በኩል ወደ ታች እያፈሰ ነው። ይህን ሲያደርጉ ዘይት ስለሚረጭ ፊትን ራቅ ማድረግ ነው።

ስድስተኛ፣ የራዲያተሩን ውኃ ማየት፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ። ዘይት የተንሳፈፈበት ከሆነ፣ ወይም ዘይቱ ወተት እንደ ገባበት ሻይ ከመሰለ ነገሩ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ወይም የዘይት ማቀዝቀዣ ነው። ዘይቱ ከመጉደል ይልቅ እየጨመረ ከሄደ ደግሞ ደስ አይበላችሁ፤ ናፍጣ ወይም ውኃ ገብቶበታል ማለት ነውና አሽትቱት።

ሰባተኛና የመጨረሻው፣ የኮምፕሬሲዮን መለኪያ። ስድስቱም ሲሊንደሮች በመሣሪያ ይለኩና እርስ በርስ ይነጻጸራሉ። ስድስቱም ወርደው ከተገኙ እርጅና ወይም አቧራ ነው፤ አንዱ ብቻ ከወረደ የዚያ የአንዱ ችግር ነው። ይህ ክፍያ አለው፤ ግን ሞተር ከማውረድ ጋር አይወዳደርም። «ሞተር ይውረድ» የሚል መካኒክ ይህን ልኮ ቁጥሩን በወረቀት ካልሰጠን ከእንግዲህ አናወርድም።

ቱርቦ ያለው መኪና ያላችሁ አንድ ነገር ጨምሩ። የቱርቦው ማኅተም ሲያልቅ ዘይቱ በአየር ቱቦው በኩል ወደ ሞተሩ ይገባል። ቱቦው ተፈትቶ ውስጡ በዘይት ከራሰ መጠርጠር ነው። ዳገት ወጥታችሁ እንደ ደረሳችሁ ወዲያው አታጥፉ፤ ጥቂት ደቂቃ በሚኒሞ ይቀዝቅዝ።

እዚህ ላይ ለሹፌሮች አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለን። የናፍጣ ሞተር ብዙ ዘይት በአየር መግቢያው ከሳበ ዘይቱን እንደ ናፍጣ አድርጎ ይቃጠልበታል። ያን ጊዜ ቁልፉን ብታጠፉትም አይጠፋም፤ እየጮኸ ፍጥነቱ ይጨምራል። ማርሽ ያለው መኪና ከሆነ ትልቁን ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሬኑን አጥብቆ ይዞ፣ ፍሪሲዮኑን በመልቀቅ እንዲታነቅ ማድረግ ነው። እጃችሁን ወደ አየር መግቢያው አታስገቡ፤ ሰውም ከፊቱ ዘወር ይበል።

እና የኛ መኪና በሽታ ምን ነበር?

ጋሼ ያን ቀን ሞተሩን አልነኩትም። የአየር ፊልትሮውን ሣጥን ከፈቱ፤ ፊልትሮው አዲስ ነው። ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ አወለቁና ነጭ ጨርቅ ወደ ውስጡ አስገብተው ጠረጉት። ጨርቁ ቀይ አፈር ሆኖ ወጣ። «ይኸውላችሁ፣ የጃናሞራ መንገድ በሙሉ እዚህ ውስጥ ነው» አሉን።

ቱቦው ከታች በኩል፣ ከማሰሪያው ቀለበት ሥር፣ ለዓይን በማይታይበት ቦታ ተሰንጥቆ ነበር። ሞተሩ ንጹሑን አየር በፊልትሮው በኩል፣ አቧራውን ደግሞ በስንጥቁ በኩል ሲስብ ኖሯል። የመጀመሪያውን ፋሻ የበላው ይህ ነው። በእድሩ ገንዘብ ሁለተኛውን ፋሻ ስናስገባም ስንጥቁ እዚያው ነበርና ሁለተኛውንም በላው። ጋራዡ የታዘዘውን ሠርቷል። እኛ «ፋሻው ለምን አለቀ?» ብለን አልጠየቅንም። ያ አንድ ጥያቄ ቢጠየቅ ኖሮ አንድ የጎማ ቱቦ ገዝተን እንገላገል ነበር ማለት አንችልም፤ የመጀመሪያው ፋሻ ያለቀ ነውና መቀየሩ አይቀርም ነበር። ሁለተኛው ግን በእርግጥ አይወጣም ነበር።

ደግሞ ከመጀመሪያው ጥገና በኋላ የሠራነው ሌላ ስሕተት አለ። «አዲስ ሞተር ነው፣ አታስቸግሯት» ብለን በቀብርና በለቅሶ ቦታ ሞተሩን ሳናጠፋ በሚኒሞ ለሰዓታት እናቆማት ነበር። ይህ ለናፍጣ ሞተር ርኅራኄ አይደለም። አዲስ ፋሻ ከሲሊንደሩ ጋር የሚላመደው ሥራ ሲያገኝ ነው። ያለ ሥራ በሚኒሞ ብዙ ከቆየ ግድግዳው እንደ መስታወት ይለሰልስና ፋሻው አይዝም። አለመጠን መጫን ያጠፋዋል፤ ማስቀመጥም ያጠፋዋል። መጠነኛ ሥራ፣ ፍጥነትን እያለዋወጡ መንዳት ነው የሚያስፈልገው።

በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ሞተሩ ለሁለተኛ ጊዜ ወረደ። ሲሊንደሩ ቶርኖ ቤት ገባ፣ ፋሻው ተቀየረ፣ ቱቦውና ቀለበቱ አዲስ ሆነ፣ የናፍጣው ፖምፓም ለከፍታችን ተስተካከለ። ከዚያ ወዲህ በደብተራችን እንደ ተጻፈው መኪናችን በ1,000 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር እንኳ አልጠየቀችም። አቅም ያነሰው የእድራችን ሣጥን ግን እስኪሞላ ድረስ ለሐዘንተኛ የምንሰጠውን እርዳታ ለሁለት ዓመት ሳንጨምር ቀርተናል። ይህን እናንተ ከፍላችሁታል። ይቅርታ እንጠይቃለን።

ከእንግዲህ ምን እናድርግ?

ንዑስ ኮሚቴው የሚከተለው እንዲጸድቅለት ለጉባኤው ያቀርባል።

የመጀመሪያው ደብተር ነው። በመኪናዋ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ደብተር ይቀመጥ፤ ቀኑ፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ንባብ፣ የዘይቱ ልክ፣ የተጨመረው መጠንና የሹፌሩ ፊርማ ይጻፍበት። በየወሩ ገንዘብ ያዡ ገንዘቡን ሲያሳይ ሹፌሩም ደብተሩን ያሳይ። ያልተጻፈ ዘይት እንደ ጠፋ ገንዘብ ይቆጠር።

ሁለተኛው የአየር ፊልትሮው ነው። ከአቧራ መንገድ በተመለሰች ቁጥር ይከፈት። ጎማ ላይ እየመቱ ማራገፍ ይቅር፤ ይሰነጥቀዋል። በአየር ሲነፋ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በዝግታ ይሁን። የጎማ ቱቦውም በነጭ ጨርቅ ይፈተን።

ሦስተኛው ዘይት መቀየር ነው። መጨመር ማለት መቀየር አይደለም፤ በቆሸሸ ውኃ ላይ ንጹሕ ውኃ ቢጨምሩበት አይጠራም። በአቧራ መንገድ ለሚሠራ የናፍጣ መኪና በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ከነፊልትሮው መቀየር የተለመደ ነው። የኛ ሞተር ከ9 ሊትር በላይ ስለሚይዝ ወጪው ቀላል አይደለም፤ ግን አስቀድሞ በበጀት ይያዝ። የተቃጠለው ዘይት ደግሞ መሬት ላይ እንዳይደፋ። ወደ አንገረብ የሚወርደው ጎርፍ ከተማችን የምትጠጣውን ውኃ ወደሚያጠራቅመው ግድብ ነው የሚገባው። በጀሪካን ይጠራቀምና ለሚጠቀምበት ሰው ይሰጥ።

አራተኛው የጉዞ ዝግጅት ነው። ከከተማ ለሚወጣ አስከሬን መኪናዋ ስትነሣ አንድ የኮሚቴ አባል ዘይቱን በዓይኑ አይቶ፣ ያልተከፈተ ባለ 5 ሊትር ዘይት መጫኑን አረጋግጦ ይፈርም። ቀይ መብራት ሲበራ «ትንሽ እንግፋ» የሚል ሰው ቢኖር ሹፌሩ አይስማው፤ ወዲያው ያጥፋ።

ጥሩምባ ሲነፋ ከሥራችን ተነሥተን የምንሮጠው ሟች በክብር እንዲያርፍ፣ ሐዘንተኛም ብቻውን እንዳይሆን ነው። ያን ቀን በቧሂት ሥር የቆምነው ሰዎች ከዘይት መለኪያው ጫፍ ላይ ያየነው ድርቀት ከዓይናችን አልጠፋም። አሁን ደብተሩን ይዘን መጥተናል፤ በጠረጴዛው ላይ ነው። ከስብሰባው በኋላ የፈለገ አባል ሁሉ ያገላብጠው። ጋሼም ነገ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በእድሩ ግቢ መኪናዋን ከፍተው ለማሳየት ፈቃደኛ ሆነዋል፤ የናፍጣ መኪና ያላችሁም የሌላችሁም ኑ። ነጭ ጨርቅ ይዛችሁ ኑ።